ባቡር ያልመጣበት ጣቢያ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ስንጥቁ ጣት ያስገባል።

መሰላል ላይ ሆኜ የጎንደር መናኸሪያን የፊተኛ ታዛ ውፍረት ስለካ ነው ያየሁት። ልስኑን በመዶሻ ነካ ባደርገው ተቀርፎ ወረደ። ውስጡ ያለው ፌሮ ከመዛጉ የተነሣ እንደ ሽቦ ቀጥኗል፤ አንዱን ስይዘው እጄ ላይ ተሰበረ። ቀና ብዬ ሳይ፣ ስንጥቁ ታዛው ከግድግዳው የሚገናኝበትን መሥመር ይዞ እስከ ትኬት መሸጫው በላይ ሄዷል።

ከሥሩ ደግሞ ሰው ሞልቷል። ትናንት የሥላሴ ንግሥ ነበር። ለበዓሉ ከሰሜን የመጣው ሁሉ ዛሬ ልመለስ ሲል የደባርቅ መንገድ በዝናብ ተንዶ ተዘጋ። አውቶቡሶቹ ቆመዋል። ማደሪያ የሌለው እዚሁ ታዛው ሥር ጋቢውን አንጥፎ ተቀምጧል። ሕፃናት አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ አንድ በግም አለ።

ወርጄ ቀጥታ ወደ አቶ ጌትነት ቢሮ ሄድሁ። የመናኸሪያው ኃላፊ ነው፤ ለዚህ ሕንፃ ከእኔ ቀጥሎ የሚቆረቆር ሰው ቢኖር እሱ ነው። ነገርሁት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይህን ከጻፍሽ አበቃ» አለኝ። «ዓርብ ኮሚቴው ሲቀመጥ ‹አደገኛ ነው› የምትለዋን ቃል ብቻ ነው የሚሰማው። አፍርሰው ፎቅ ይሠሩበታል።»

አውቃለሁ። እዚህ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። የምሠራበት የአርክቴክቶች ቢሮ ሕንፃውን እንድለካና ታሪኩን እንድጽፍ ላከኝ፤ ይፍረስ ወይስ ይጠገን የሚለውን ዓርብ ከመወሰኑ በፊት የከተማው ኮሚቴ እንዲያነበው። እኔ ይጠገን ባይ ነኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል የጻፍሁት ሁሉ «ይጠገን» የሚል ነው።

ለጊዜው በጣም የባሰበትን ጥግ በገመድ አጠርን። ሰዉ ገመዱን አይቶ ወደ ሌላው ጥግ ተጠጋጋ። አንዷ ሴትዮ ልብሷን አሰጣችበት።

ቤት ገባሁ። እራት አልወረደልኝም። አባዬ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ደክሞኝ ነው» አልሁት።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ንጋት ላይ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። የታዛው ጀርባ ኩሬ ሆኗል። የውኃ መውረጃው በቅጠልና በፌስታል ተደፍኖ ስንት ክረምት እንደቆየ እንጃ፤ ውኃው የሚሄድበት አጥቶ ወደ አርማታው ሲሰርግ ኖሯል። መውረጃውን በእጄ ጎርጉሬ ከፈትሁት። ውኃው ፏ ብሎ ሲወርድ ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን የደቂቃ ነበር። የዛገ ፌሮ በመድረቅ አይድንም።

ታዛው አንድም አምድ የለውም። ከግድግዳው ወጥቶ አውቶቡስ የሚያስጠልል ስፋት አየር ላይ ተዘርግቶ ይቆማል። ተማሪ ሳለሁ ከዚህ ሕንፃ ያፈቀረኝ፣ ማለቴ ያፈቀርሁት፣ ይኸው ነበር። እንዴት ቆመ እያልሁ ከሥሩ እመላለስ ነበር። ዛሬም ያው ጥያቄ ነው፤ ድምፁ ብቻ ተለወጠ።

ያፈቀርሁት ሌላም አለ፤ ልጻፈው፣ ሊፈርስ ይችላልና። ፊቱ ክብ ሆኖ እንደ መርከብ ወደ አደባባዩ ይወጣል፤ መስኮቶቹም እንደ መርከብ መስኮት ክብ ናቸው። እስከ ወገብ ድረስ የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከዚያ በላይ ጣሊያን ያፈሰሰው አርማታ። አዳራሹ ውስጥ ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን ትንንሽ ባለ መስተዋት መስኮቶች ተደርድረዋል፤ ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ የሚገባው ከዚያ ነው፣ ሰዉ ራስ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ያርፋል። ትኬት መሸጫው ፊት ወለሉ ጎድጉዷል፤ ሰው የቆመበት ነው። አረንጓዴው፣ ቢጫውና ሰማያዊው ቀለም ከተላጠበት ቦታ ደግሞ የጣሊያንኛ ፊደል ይታያል፤ ምን እንደሚል አልተነበበልኝም።

ከጀርባ በኩል ደግሞ ረጅሙ መድረክ አለ። ከመሬት እስከ ወገቤ ይደርሳል፤ ጠርዙ የተጠረበ ድንጋይ ነው። አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ይህን ያህል ከፍታ ምን ያደርግለታል? የከተማው ሰው ሕንፃውን «ምድር ባቡር» የሚለው ለዚህ ነው። ጎንደር ባቡር መጥቶ አያውቅም። አባዬ ግን ከአባቱ በሰማው ይምላል፤ ጣሊያን ሐዲድ እስከዚህ ሊያመጣ ነበር፣ ጣቢያውን አስቀድሞ ሠራ፣ ሐዲዱ ሳይመጣ ጦርነቱ አለቀና ሄደ። ማስረጃ ፈልጌ አጣሁ። «ይባላል» ብዬ ነው የጻፍሁት። አባዬ በዚህች «ይባላል» ተቀይሞኛል።

ከሰዓት በፊት የማደርገው፦
በባሕር ዛፍ ግንድ ድጋፍ ማቆም (ይቻል ይሆን?)
ለቢሮ መደወል
ሰዉን ማስወጣት
አባዬን መንገር

በባሕር ዛፍ አይሆንም። በስሌት ሠርቼ አየሁት። የሚደገፈው መሐሉ ሳይሆን ከግድግዳው የሚጋጠምበት ሥሩ ነው፤ ሥሩ ደግሞ አልቋል። ግንዱን የሚያቆመው ሠራተኛም ከታዛው በታች መግባት አለበት። ማንን አስገባለሁ?

ስለዚህ ጻፍሁት። አንድ ገጽ። «ታዛው በማንኛውም ሰዓት ሊወድቅ ይችላል፤ ሰው ዛሬውኑ ከሥሩ ይውጣ።» ለቢሮዬም ለአቶ ጌትነትም ሰጠሁ። አቶ ጌትነት አነበበ፤ ማኅተሙን አንስቶ ትንሽ ቆየና መታበት። «በይ እንግዲህ» አለ።

ሰዉ ግን አልወጣም። ዝናብ እየወረደ ነው፣ የት ይውጣ? አዳራሹ ደህና ነው፤ ግን ትንሽ ነው፣ ገና ጠዋት ሞልቷል። ደግሞ መግቢያው በታዛው ሥር ነው።

አንድ ሽማግሌ ከድብ ባሕር የመጡ፣ ገበሬ፣ አያ ማለደ ይባላሉ፣ ከነባለቤታቸው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ የሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸው ከሆስፒታል የወጡ ናቸው፤ አንዱ ዓይናቸው ገና በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ነው። ጠጋ ብዬ አስረዳኋቸው።

«ምነው ልጄ» አሉኝ አያ ማለደ፣ «ይህን የመሰለ ሸጋ ቤት ጣሊያን ሠርቶት ይወድቃል ትያለሽ? የእኔ ጎጆ እንኳ ስንቱን ክረምት ችሏል።»

«ጎጆዎን በየዓመቱ ያድሱታል፣ አያ ማለደ። ይህን ያደሰው የለም።»

ቀና ብለው አዩት። እትዬ ዘውዴ ግን «እኔስ የት እሄዳለሁ? ሐኪሙ ውኃ እንዳይነካሽ ብሎኛል» አሉ፣ በተከፈተው ዓይናቸው እኔን እየፈለጉ።



ማታ ለአባዬ ነገርሁት። አባዬ ሐጂ ከመባሉ በፊት አውቶቡስ ነበረው፤ ከዚያው ከመናኸሪያው ነበር የሚያወጣትም የሚያስገባትም። በሰፈራችን በአዲስ ዓለም የሚያውቀው ሁሉ «ባለ አውቶቡሱ» ነው የሚለው፣ አሁንም። ጨርሶ ሰማኝ። ከዚያ፦

«በገዛ እጅሽ አፈረስሽው።»

«አባዬ፣ ሰው አለበት እኮ።»

ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ። በሩን አልዘጋውም፤ ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር። ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ሣጥን ሲከፍት፣ ሲያገላብጥ ይሰማኛል። ምን እንደሚፈልግ አልጠየቅሁትም። ፈራሁ።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጠዋት ስነሣ አባዬ የለም። ቁርሱንም አልነካም። ይበልጡን ተቀይሞ የወጣ መሰለኝ። መናኸሪያው ስደርስ ሰዉ እንዳለ ነው፤ ሌሊት ከአይከል የመጡም ተጨምረዋል። አቶ ጌትነት ጉሮሮው እስኪዘጋ ይለምናል። የሚሰማው ጥቂት ነው፤ ወጥተው ዝናቡ ሲያይል ተመልሰው ይገባሉ። ስንጥቁን አየሁት። ትናንት በእርሳስ ካሰመርሁበት ምልክት አልፏል።

ያኔ የጭነት ማኪና ጥሩንባ ከጀርባ በኩል ሰማሁ። ዞሬ ብሮጥ አባዬ ነው። ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል፣ ነጭ ቆቡን አድርጎ፣ እጁ ላይ የቁልፍ ዘለላ።

«የመጋዘኑን ቁልፍ ሌሊቱን ሙሉ ስፈልግ ነበር» አለኝ ገና ሳይወርድ። «እናትሽ ከሞተች ወዲህ ምን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።»

መጋዘኑ አውቶቡሷን ያሳድርበት የነበረ ነው። አሁን ግማሹ ጤፍና ኑግ ነው፤ ግማሹ ባዶ። ሰፊ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። ማኪናውን ከጓደኛው ለምኖ ከነሸራው አምጥቷል። ስለ ትናንቱ አንድም ቃል አላነሣም። እኔም አላነሣሁም።

ቀጥሎ የሆነውን ባላየው አላምንም። ሾፌሩ ሰዉን ለመጫን ማኪናውን ወደ ጀርባው መድረክ ኋሊት አስጠጋ። ቀስ፣ ቀስ፣ በቃ። የጭነቱ ወለልና የመድረኩ ጠርዝ እኩል ሆኑ። ልክክ አሉ። ሰው ሳይወጣ ሳይወርድ፣ ጭቃ ሳይረግጥ፣ ከአዳራሹ በጀርባ በር ወጥቶ መድረኩ ላይ ይራመድና ማኪናው ውስጥ ነው።

አባዬ ጠርዙን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ማኪናውን አየ፣ ድንጋዩን አየ።

«ለጭነት ማኪና ነው የተሠራው» አልሁ፤ ከአፌ አምልጦኝ።

«አይቼዋለሁ» አለ። ከዚያ፣ ለእኔ ሳይሆን ለድንጋዩ እንደሚናገር፣ «ባቡር አልነበረማ እንግዲህ።»

እንደዚያች ሰዓት ባቡሩ እውነት በሆነ ብዬ ተመኝቼ አላውቅም። የምንቆምበት ጊዜ ግን አልነበረም።

ሰዉ ማኪናውንና ሸራውን ሲያይ ሐሳቡን ለወጠ። አባዬ መድረኩ ላይ ቆሞ ይጣራል፦ «ኑ! ደረቅ ቤት ነው፣ ኑ! በጉንም አምጡት!» ተራ አስከባሪዎቹ ሸክም ያቀብላሉ። አቶ ጌትነት ከፊት ለፊት ታዛው ሥር ያለውን በአዳራሹ በኩል እያሳለፈ ወደኋላ ይልካል። ማኪናው ተመላለሰ። በመጨረሻ የቀሩት አያ ማለደና እትዬ ዘውዴ ናቸው። እትዬ ሰዉ ሳይጋፋቸው ለመሄድ ብለው ነው የቆዩት። አንድ እጃቸውን እኔ፣ አንዱን አያ ማለደ ይዘን፣ ዓይናቸውን በነጠላዬ ጋርጄ በአዳራሹ አሳለፍናቸው። መሐል ላይ ቆም አሉ።

«ይህ ሁሉ መስተዋት ነው?» አሉ ወደ ላይ እያዩ።

«አዎ እትዬ። ኑ፣ እንሂድ።»

«ስንት ዘመን በዚህ ሳልፍ አላየሁትም። ጨለማ ነበር የሚመስለኝ።»

ማኪናው ላይ አስቀመጥናቸው፣ ሄዱ።

ከዚያ እኔና አቶ ጌትነት በፊት ለፊት ወጥተን ማንም አለመቅረቱን አየን። አንዲት የተረሳች ጆንያ ነበረች። እሱ ሊያነሣት ጎንበስ ሲል ከላይ ደቃቅ ነገር ትከሻው ላይ ዘነበ፣ እንደ ዱቄት። «ተዋት!» ብዬ እጁን ጎተትሁት። ሮጠን መንገዱን ተሻገርን።

ወዲያው አልወደቀም። ዝናቡ ውስጥ ቆመን እናያለን። ቆየ። አቶ ጌትነት «እንግዲህ ይቆይ ይሆናል» አለ። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለአፍታ አፈርሁ፤ ያን ሁሉ ሰው በከንቱ ያንገላታሁ መሰለኝ።

መጀመሪያ አንድ ትልቅ ፍንዳታ፣ ቀጥሎ የመጎተት ድምፅ። ከትኬት መሸጫው በኩል ጀምሮ እንደ ክዳን ወደ ታች ታጠፈ። ከዚያ መሬቱ ጫማዬን መታኝ። አቧራው ዝናቡን አሸንፎ ለትንሽ ጊዜ ምንም አልታየም። ሲገለጥ፣ ሰዎቹ ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ሁሉ አርማታ ነው። ግድግዳው ጥግ፣ እትዬ ዘውዴ ተደግፈውት የነበረው፣ እሱም።

አቶ ጌትነት መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ጭቃው ላይ።

አባዬ ደወለ። ድምፁን ከመጋዘኑ ሰምቶታል። «የት ነሽ?» አለ። «ውጭ ነኝ፣ ደህና ነኝ።» ሲተነፍስ ይሰማኛል። «ቤት ግቢ» አለኝ፤ እንደ ሕፃን ልጅ፣ «አሁኑኑ ቤት ግቢ።»


ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ኮሚቴው ጠዋት ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ የእኔ ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ «ይጠገን» የሚለው ወፍራሙ፣ ሌላው የረቡዕ አንድ ገጽ። ሰብሳቢዋ ሁለቱንም አነሣች።

«ወይዘሪት ሐያት፣ የትኛው ነው ያንቺ ቃል?»

«ሁለቱም።»

አንዱ ከጥግ ሳቀ። ሰብሳቢዋ አልሳቀችም። ቀጥይ አለችኝ።

ታዛው ከአዳራሹ ተለይቶ የወጣ ነው፣ ሲወድቅም አዳራሹን ይዞት አልሄደም አልሁ። ጥቁር ድንጋዩን፣ ግድግዳውን፣ የጣሪያውን ሶሌታ አንድ በአንድ ፈትሼያለሁ፤ ጤነኛ ነው። ታዛውን የገደለው የተደፈነ የውኃ መውረጃ ነው። ስለ መድረኩም ተናገርሁ። በጽሑፌ «ለባቡር ነው ይባላል» ያልሁትን ሰርዣለሁ፤ ለጭነት ማኪና የተሠራ ነው፣ ትናንት ሠርቶ አሳይቷል።

የሳቀው ሰው፦ «እንግዲያ የባቡር ታሪክ እንኳ የለውማ። ምኑን ነው የምናቆየው?»

መልሴ ጥሩ አልነበረም። «ትናንት ይህን ሁሉ ሰው በደረቅ እግሩ ያወጣው እሱ ነው» አልሁ። ማለት የምፈልገው ከዚህ ይበልጥ ነበር፤ ቃሉ ጠፋብኝ። ተቀመጥሁ።

ብዙ ተነጋገሩ። ውሳኔው፦ ክረምቱ እስኪወጣ ሕንፃው ይታጠር፤ ፍርስራሹ ይነሣ፤ ሌላ መሐንዲስ መጥቶ የእኔን ልኬት ያጣራ፤ ከዚያ ይወሰናል። ፎቁን የሚፈልጉት አልተደሰቱም። አቶ ጌትነት ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። እሱም የገባው አይመስለኝም።

አባዬ ከጁምዓ ሲመለስ ሁሉንም ነገርሁት። ስለ ባቡሩ መሰረዜንም። ሻዩን ፉት አለና «አባቴ ውሸታም አልነበረም» አለ።

«አልልም አባዬ። የሰማውን ነው የተናገረው።»

«ጻፊዋ እንዲያ ብለሽ። ‹የጎንደር ሰው ባቡር ሲጠብቅ ኖረ› በያ። ይህስ እውነት አይደለም?»

እውነት ነው። እጽፈዋለሁ።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

መንገዱ ተከፈተ! አያ ማለደ ራሳቸው ናቸው ገና በማለዳ መጋዘኑ በር ላይ የነገሩኝ፤ ከሾፌሮች ሰምተው። የእትዬ ዘውዴ ጨርቅ ትናንት ተነሥቷል። ዓይናቸው ቀልቷል እንጂ ያያሉ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀረብ አድርገው አዩኝ፣ «ወጣት ነሽ ለካ» አሉኝ። ሳቅሁ። አያ ማለደ ከአባዬ ጋር ሲሰነባበቱ ሁለቱም ቸኩለው ነበር፤ ወንዶች እንደዚያ ናቸው። «ድብ ባሕር ብትመጡ» አሉ፤ «ኢንሻላህ» አለ አባዬ። ከሰዓት ደርሰናል ብለው ደወሉ።

መጋዘኑን ጠረግን። በጉ የኑጉን ጆንያ አንድ ጥግ በልቶታል። አባዬ እስኪያስለው ሳቀ።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ወደ ማታ አጥሩን ለማየት ሄጄ ነበር።

ቆርቆሮው ዙሪያውን ተተክሏል። ሕንፃው ከላይ ግማሹ ብቻ ይታያል፤ ታዛው የነበረበት ቦታ እንደ ቁስል ቀልቷል። አውቶቡሶቹ አሁን የሚቆሙት ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር ነው። ሰዉም መንገዱ ዳር ነው። ዝናብ ጀመረ። ሰልፉ አልፈረሰም፤ ወዴት ይፈርሳል? ሰዉ ፌስታል ራሱ ላይ አድርጎ፣ ልጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሟል።

አንዲት ሴት፣ ጀርባዋ ላይ ሕፃን ያዘለች፣ ዞር ብላ አየችኝ። ተራ አስከባሪው ጠቁሟት ይመስለኛል።

«አንች ነሽ አሉ መሐንዲሷ። ያስወጣሽን።»

«አዎ።»

«ሐሙስ እዚያ ነበርሁ። አላህም ማርያምም ይስጡሽ፤ ልጄን አትርፈሻል።» ከዚያ ቆርቆሮውን በአገጯ እያመለከተች፣ ቁጣ ሳይሆን ለማወቅ፦ «አሁንስ የት እንጠለል?»

ለኮሚቴው ያን ሁሉ ሳወራ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ መስተዋቱ፣ ስለ መድረኩ፣ ይህን ጥያቄ አንድም ሰው አላነሣውም። እኔም አላነሣሁትም። ጣቢያ ማለት መጀመሪያ ይኼ ነው እኮ፤ እስኪመጣ ድረስ ሳትረጥብ የምትቆምበት።

«ነገ ሸራ አስወጥራለሁ» አልኋት። የማን ሸራ፣ በምን ምሰሶ፣ ማን ፈቅዶልኝ፣ አላውቅም። እሑድ ነው፤ አቶ ጌትነት ስልኩን ያነሣ ይሆን? አባዬ የማኪናውን ሸራ ገና አልመለሰም፣ ያን ልጠይቀው። እምቢ አይለኝም።

የአይከል ሚኒባስ እስኪመጣላት አብሬያት ቆምሁ። ዘገየ። ሕፃኑ ተኝቷል። ሁለታችንም በሰበሰን።